አውት ላይ ኦፍሳይድ የለም

እግር ኳስ አላውቅም። ፊልምም እምብዛም አላይም። ስለ ሁለቱ በማውራት ግን በሰፈራችን የሚደርስብኝ የለም። ጨዋታ ባለ ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። ስለ አዲስ ፊልም ክርክር ከተነሳም «እሱን ጠይቁት» ተብሎ ወደ እኔ ይጠቆማል። ይህን ክብር ያገኘሁት በእውቀት አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውንም ቢሆን አውቄው እንዳይመስላችሁ።

ይህ እንግዲህ ኑዛዜ ነው። በመጀመሪያ ለንስሐ አባቴ ልናገረው አስቤ ነበር። «ልጄ፣ ፕሬሲንግ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ ግን መልስ የለኝም፤ ስለዚህ ተውኩት። ለእናንተ መናዘዝ ይሻላል፤ እናንተ መልሳችሁ አትጠይቁኝም።

ዘዴዬን ልንገራችሁ። የኳስ ወሬ እንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ ጎል፣ ፋውል፣ ኮርና፣ ፔናሊቲ፣ ደርቢ። ይህን ሊስትሮውም፣ ባለሱቁም፣ ጥበቃውም ስለሚናገረው ማንንም አያስከብርም። ሁለተኛው ከቴሌቪዥኑ የሚለቀም ነው፦ ክሊን ሺት፣ ካውንተር አታክ፣ ፕሬሲንግ፣ ትራንዚሽን፣ ፎልስ ናይን። እኔ የምነግደው በሁለተኛው ነው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ አዲስ ቃል ለቅሜ አስቀምጥና ቅዳሜ አወጣዋለሁ። ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሄድ ጉሮሮዬን ጠርጌ «አማካዩ ትራንዚሽን ላይ ተቸግሯል» እላለሁ። ይህ አባባል ለየትኛውም ቡድን፣ በየትኛውም ውጤት ይሠራል። ቡድኑ እየመራ ከሆነ «ቢመራም» ብሎ መጀመር፣ እየተመራ ከሆነ «ለዚህ እኮ ነው» ብሎ መጨረስ ብቻ ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እሱም አልገባውም፤ ግን መጠየቅ ያሳፍረዋል። እንዲህ አንዱ ሌላውን እያፈረ፣ ቤቱ በሙሉ ራሱን እየነቀነቀ ዘጠና ደቂቃው ያልቃል።

የጨዋታ አስተላላፊዎቹ እንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሲፈጥኑ አልደርስባቸውም። እርስ በርስ ሲሳሳቁ ግን አብሬያቸው እስቃለሁ፤ አንዳንዴም ትንሽ ቀደም እላለሁ። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው «ምን ብሎ ነው?» ካለኝ «ባክህ ተወው፣ ቢተረጎም አይጥምም» እለዋለሁ። ይህቺ መልስ ስንት ዓመት አኖረችኝ!

ከቤቱ ደንበኞች መካከል አንድ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው ለአንድ ፋብሪካ ቡድን የተጫወቱ ናቸው። የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ የእሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የእሳቸው የኳስ ቋንቋ ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው። በእግር የተመታ «ካልቾ»፣ በግንባር የተገጨ «ቴስታ»፣ ፍጹም ቅጣት ምት «ሪጎሬ»። አንድ ቀን ዳኛው ወደ ነጥቡ ሲጠቁም «ሪጎሬ!» ብለው ብድግ አሉ። እኔ ደግሞ አላዋቂ ሳሚ ነኝና ቤቱ እየሰማ «አባባ፣ ፔናሊቲ ነው የሚባለው» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝና «አንተ ፔናሊቲ በለው፣ እኔ ሪጎሬ ልበለው፤ ልጁ ከሳተው ያው ነው» አሉኝ። ልጁም ሳተው።

በእኚሁ ሰው ፊት የተዋረድኩት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ዶፍ ዝናብ የሚጥልበት ቀን ነበር። አስተላላፊው «ክሊን ሺት» የሚለውን ደጋገመና አዛውንቱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ክሊን ሺት፣ ክሊን ሺት የሚለው ምኑን ነው?» አሉኝ። «ክሊን» ንጹህ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሺት» ደግሞ እኔ የማውቀው አንሶላውን ነው፤ ሜዳ ላይ አንሶላ አላየሁም። ጊዜ አልነበረኝም። «በረኛው ማልያው አልቆሸሸም ለማለት ነው፣ አባባ» አልኳቸው። የዚያኑ ሰከንድ ካሜራው በረኛውን አቅርቦ አሳየው። ከአገጩ እስከ ታኬታው ጭቃ ነበር። አዛውንቱ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቴሌቪዥኑን አዩ። «ይሄ?» አሉ። «በአነጋገር ነው» አልኳቸው። በረኛው ጎል ሳይቆጠርበት ሲወጣ የሚባል ቃል መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ምናልባት አሁንም ለሰው «ንጹህ ማልያ» እያሉ ያስረዱ ይሆናል። ይህ ኃጢአት በእኔ ላይ ይቆጠራል።

የኦፍሳይዱ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ትልቅ ጨዋታ ነበር። ቤቱ ከመሙላቱ የተነሳ አስተናጋጇ ለስላሳ የምታደርሰው በሰው ትከሻ ላይ እያሳለፈች ነው። የምጠላው ቡድን ተጫዋች አውት ወረወረ፤ አጥቂው ብቻውን ከተከላካዮቹ ጀርባ ቆሞ ኳሷን ተቀበለና አገባ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ እጄን እንደ መስመር ዳኛ ቀጥ አድርጌ «ኦፍሳይድ! ክሊር ኦፍሳይድ!» ብዬ ጮኽኩ። «ክሊር» የምትለዋን የጨመርኩት ለክብደት ነው። ቤቱ ዝም አለ። ግማሹ እኔን አምኖ ዳኛውን መሳደብ ሊጀምር ነው። በዚህ መሀል በር ላይ ቆሎና ለውዝ የሚሸጥ፣ ሳህኑን ደረቱ ላይ የያዘ ልጅ፣ ድምፁን ሳያነሳ «ጋሼ፣ አውት ላይ እኮ ኦፍሳይድ የለም» አለ። ሳቁ ከፊት ወንበር ተነስቶ በር ድረስ ሄደ። እኔም ለማምለጥ «ድሮ ነበረ፣ አሁን ነው የተቀየረው» አልኩ። ልጁ «መቼ ነው የነበረው?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ፈጣሪ ደረሰልኝና መብራት ጠፋ።

አስተዋይ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል? ሕጉን ያነባል። የእግር ኳስ ሕግ አሥራ ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው፤ የኦፍሳይዱ አሥራ አንደኛው ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተነቦ ያልቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔ ግን ወደ ሌላ ማጭበርበር ተሻገርኩ። ሕጉን ትቼ የቃላቱን ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ሕግ የሚጠይቅ ሲመጣብኝ በታሪክ ላደናግረው ነው።

ይህ መንገድ ለጊዜው ሠራ። አንዱ ሦስት ጎል ሲያገባና ቤቱ «ሀትሪክ!» ሲል እኔ ረጋ ብዬ ታሪኩን እጀምራለሁ፦ ቃሉ ከክሪኬት የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1858 በእንግሊዝ ሼፊልድ ስቴፈንሰን የተባለ ተጫዋች በተከታታይ በወረወራቸው ሦስት ኳሶች ሦስት ሰው ስላስወጣ ገንዘብ ተዋጥቶ ባርኔጣ ተገዛለት። ፔናሊቲ ሲሰጥ ደግሞ፦ ይህን ቅጣት ያመነጨው ዊልያም ማክረም የተባለ የአየርላንድ ሰው ነው፤ ሕግ የሆነው በ1891 ነው፤ የሚገርመው ሰውዬው ራሱ በረኛ ነበር። ቢጫ ካርድ ሲመዘዝም፦ ኬን አስተን የተባለ እንግሊዛዊ ዳኛ መኪና እየነዳ ከትራፊክ መብራት ያገኘው ሐሳብ ነው፤ በ1970 በሜክሲኮው ዓለም ዋንጫ ላይ ተጀመረ፤ በዚያ ውድድር ግን አንድም ቀይ አልታየም፤ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን ቀይ የቀመሰው በ1974 የቺሊው ካርሎስ ካዜሊ ነው።

ሁሉም እውነት ነው። ችግሩ እኔ ይህን ተናግሬ ስጨርስ ካርዱ ለምን እንደተሰጠ አላየሁም። ጥፋቱ የተሠራው እኔ ስለ ትራፊክ መብራት ሳስብ ነው።

ታሪክ ማወቄም ቢሆን ከጉራ አላዳነኝም። ከአሜሪካ የመጣ የአክስቴ ልጅ እግር ኳስን «ሶከር» ብሎ ጠራብኝ። ልጁ በየክረምቱ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር የሚጫወት፣ እውነተኛ ተጫዋች ነው። ያ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተበተነውን ሕዝብ በኳስ ስም ሲሰበስብ የኖረ ነው። እኔ ኳስ ከነካሁ ስንት ዘመን እንደሆነኝ አላውቅም፤ ቢሆንም በምሳ ገበታ ላይ «ሶከር አሜሪካኖች ያበላሹት ቃል ነው፤ ባለቤቶቹ እንግሊዞች ሲሰሙ ያማቸዋል» ብዬ ገሠጽኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ «እሺ ወንድም ጋሼ» ብሎ እንጀራውን ቆረሰ። በኋላ ሳነብ ቃሉን የፈጠሩት ራሳቸው እንግሊዞቹ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ላይ በተቋቋመው የእግር ኳስ ማኅበር ሕግ የሚካሄደው ጨዋታ ከራግቢ እንዲለይ «አሶሲዬሽን ፉትቦል» ተባለ፤ ተማሪዎች ከ«አሶሲዬሽን» መሀሏን ቆርጠው «ሶከር» አሏት። ለልጁ ስልክ ደውዬ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልደወልኩም።

በፊልሙም በኩል እንዲሁ ነኝ። በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ዋናውን ሰውዬ ሁላችንም «አክተሩ» እንለው ነበር፤ «አክተሩ አይሞትም» ደግሞ የሃይማኖት ያህል የምናምነው ነገር ነበር። አንድ ቀን ከእኛ ከፍ ያለ ተማሪ ፊልም ላይ የሚታየው ሁሉ አክተር እንደሚባል ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቼን ሰላም ነሳኋቸው። «አክተሩ መጣ!» ሲሉ «የቱ አክተር? ሁሉም አክተር ናቸው» እላለሁ። በመጨረሻ ከቪዲዮ ቤቱ ያስወጣኝ ባለቤቱ አይደለም፤ ጓደኞቼ ናቸው።

ካደግሁ በኋላ ደግሞ አጭሩን መንገድ አገኘሁ፤ ትሬለር። ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም በሁለት ደቂቃ ይጨርሱልሃል፤ ጥሩ ጥሩው ሁሉ እዚያ አለ። ትሬለሩን አይቼ ስለ ፊልሙ አንድ ምሽት ሙሉ ማውራት እችላለሁ። መጨረሻውን የሚጠይቅ ከመጣም «ስፖይለር ይሆንብሃል» ብዬ እዘጋዋለሁ። ስፖይለር የምትለዋን ቃል ፈረንጆቹ የፈጠሯት ፊልሙን ያላየው ሰው እንዳይከፋው ነው። እኔ ግን የተጠቀምኩባት ፊልሙን ያላየሁት እኔ እንዳልጋለጥ ነው።

አንድ ቀን ግን አልሠራም። «ታይታኒክ» በከተማው ሁሉ የሚወራበት ጊዜ ነበር። ደስ የምትለኝ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፊልሙን አይታ አልቅሳለች። እኔ ያየሁት ፖስተሩን ነው። መርከቧ እንደምትሰምጥ ደግሞ ታሪክ ነው፤ ለዚያ ፊልም ቤት መግባት አያስፈልግም። ስለዚህ በድፍረት «እኔም አይቼዋለሁ፣ ልብ ይነካል» አልኳት። ፊቷ በራ። «እሺ ንገረኝ፤ በሩ ላይ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ አልነበረም?» አለችኝ።

በእኔ አእምሮ በር ማለት የሲኒማ ቤቱ በር ነው። «ምን ቦታ አለ!» አልኳት። «በሩ ላይማ ትርምስ ነበር። እኔ ራሴ ተገፍቼ ነው የገባሁት። ፖሊስ ባይመጣ ኖሮ ሰው ይሞት ነበር»። ዝም ብላ አየችኝ። ልጅቷ የምትለው ተዋናዩ ውኃ ውስጥ በብርድ ሲሞት ወዳጁ የተኛችበትን የእንጨት በር ነው። ዓለም ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከራከርበት በር ነው። «አንተ ግን ፊልሙን አይተኸዋል?» አለችኝ። «ስፖይለር...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

እስካሁን የነገርኳችሁ የአገር ውስጥ ውርደት ነው። ዓለም አቀፉ የደረሰብኝ በመሥሪያ ቤት ነው። አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ መጣና አለቃችን «አንተ ኳስ ታውቃለህ፣ እንግሊዝኛም ትችላለህ፤ ምሳ ጋብዘህ አጫውተው» አሉኝ። ሁለቱንም ያሉት እኔው ያስወራሁትን ሰምተው ነው። ምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን ነበረው፤ ኳስ እየታየ ነው። እንግዳው ፈገግ ብሎ «ሁ ዱ ዩ ሰፖርት?» አለኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሰውን ሰፖርት የሚያደርገው በገንዘብ ነው። ቤተሰቤን ለምን እንደጠየቀኝ ባይገባኝም ጨዋነት ነው ብዬ «እናቴንና ታናሽ እህቴን» አልኩት። ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠ። «ዛት ኢዝ ቬሪ ካይንድ ኦፍ ዩ» አለ፤ ቀጥሎም በእጁ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ። ክለብ ማለቱ ነበር።

ፎልስ ናይን የሚለውን ቃል ለዓመታት ስነግድበት የኖርኩ ሰው «ሰፖርት» ላይ ወደቅሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፤ እኔ ጥምጥሙን አሳምሬ ፊደሉን ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ።

ክብሬን ላድስ ብዬ ወደ አገሬ ታሪክ ሄድኩ። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወስደናል። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን ነው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነው። ይህን ሁሉ በኩራት ለማስረዳት፣ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ «ኢን 1962 ዊ ዎን ኢጂፕት» አልኩት። አማርኛ ደግ ነው፤ ዋንጫም ይሸነፋል፣ ግብፅም ትሸነፋለች፣ አንድ ግሥ ለሁሉም ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን ዋንጫ ሲወሰድ «ዊን»፣ ተጋጣሚ ሲረታ «ቢት» ይላል። ስለዚህ እኔ የነገርኩት ግብፅን ራሷን እንደ ሎተሪ እንዳገኘናት ነው። እንግዳው ቅንድቡን አንስቶ «እና ምን አደረጋችኋት?» አለኝ። ቀልዱ ስላልገባኝ «አሁንም ስታዲየሙ አለ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ስፖርት ትሠራለህ ወይ ቢለኝ «አይ ፕሌይ ስዊሚንግ» አልኩት፤ ዋና «ጎ» እንጂ «ፕሌይ» እንደማይደረግ አላወቅሁም። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ ነው ስል እሱ «ኒል ኒል» አለ፤ ሌላ ጨዋታ የሚያይ መስሎኝ ዞር ብዬ ፈለግሁ። ለካ እነዚህ ሰዎች ዜሮን በእግር ኳስ «ኒል»፣ በቴኒስ «ላቭ»፣ በክሪኬት «ደክ» ይሉታል። አንድ ባዶ ነገር ሦስት ስም አውጥተውለታል። በመጨረሻ ጨዋታው ሰለቸኝ ለማለት «አይ አም ቬሪ ቦሪንግ» አልኩት። ሰለቸኝ ማለት «ቦርድ» ነው፤ «ቦሪንግ» ካሉ ግን አሰልቺው ተናጋሪው ነው። እንግዳው በሚያሳዝን ትሕትና «ኖት አት ኦል፣ ኖት አት ኦል» አለና ሰዓቱን አየ።

እነዚህ ሁሉ የሚያስቁ ናቸው፤ እኔም አሁን አሁን እስቅባቸዋለሁ። ይህኛው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መስከረም 1993 ነው፤ የሲድኒ ኦሊምፒክ። ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቡ በሙሉ አክስቴ ቤት ተሰብስቧል፤ ቡና ተፈልቷል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ተርጋት አሥር ሺህ እየሮጡ ነው። እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ቤተሰቡ አዙሬ አስተምራለሁ። «ፔሱ ስሎው ነው፤ ታክቲካል ሬስ ነው፤ ሰዓቱ ለኃይሌ ፐርሰናል ቤስት አይሆንም»። አክስቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሩጫ ግን ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ሲያሸንፍ በሬዲዮ የሰማች ሰው ናት። «ዝም በል እስቲ፤ ደወሉ ይደወል» አለችኝ።

ደወሉ ተደወለ። ተርጋት አፈትልኮ ወጣ። ቤቱ ቀዘቀዘ። እኔ ቴሌቪዥኑን አንዴ ገልመጥ አደረግሁና፣ የሚያውቅ ሰው ሐዘን በተሞላበት ድምፅ፣ ወደ ቤተሰቡ ዞሬ «ጌም ኦቨር» አልኩ። «ከዚህ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ተርጋት ፊኒሺንግ...» አክስቴ «ማርሽ ቀይር! ማርሽ ቀይር ልጄ!» እያለች ተነሳች። ለምሩፅ የወጣውን ስም ለኃይሌ ትዕዛዝ አደረገችው። ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸት ነው። ስዞር ሁሉም አልቋል። ከሃያ ሰባት ደቂቃ በላይ ሮጠው በ0.09 ሰከንድ ተለያዩ፤ ኃይሌ በደረት ቀደመ። አክስቴ መሬት ስማ አለቀሰች፤ ጎረቤት እልልታውን ተቀበለ። እኔ ቴሌቪዥኑን ተደግፌ ቆሜ አላየሁትም። በኋላ በድጋሚ አሳዩት፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። በቀጥታ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ፊኒሺንግን እያብራራሁ ነበር።

ስለ ራሴ የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው። ጥፋቱ የእንግሊዝኛው አይደለም። ሪጎሬ ከጣሊያን መጥቶ አዛውንቱን አልጎዳቸውም፤ ኦፍሳይድ ከእንግሊዝ መጥቶ ቆሎ ሻጩን ልጅ አላሞኘውም። ሁለቱም ቃሉን የወሰዱት ጨዋታውን ሊያዩበት ነው። እኔ የወሰድኩት ልታይበት ነው። በልጅነቴ፣ በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትቶ የሴካፋን ዋንጫ ሲያነሳ፣ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በሬዲዮ እየሰማሁ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ያኔ «ትራንዚሽን» አላውቅም። ኳሷ የት እንዳለች፣ ማን እንደያዛት፣ ምን ያህል እንደቀረ ግን አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የቃል ሀብቴ በበዛ ቁጥር የማየው ጨዋታ እያነሰ ሄደ።

ደግሞም የሚያስገርመው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ነገር ትንሽ ነው፤ «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ። በቅርቡ ሞከርኩት። ጨዋታ የሌለበት ቀን ቆሎ የሚሸጠውን ልጅ ጠርቼ ለውዝ ገዛሁና፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ «እስቲ ያንን ኦፍሳይድ አስረዳኝ» አልኩት። አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ለውዝ ደረደረና «እነዚህ ተከላካይ ናቸው» አለ። አንድ ገብስ አመጣ፤ አጥቂ ነው። አንድ ሽምብራ አመጣ፤ ኳስ ናት። «ኳሷ ስትለቀቅ ገብሱ ሽምብራዋንም፣ ከመጨረሻ ሁለተኛውን ለውዝም ካለፈ ኦፍሳይድ ነው። በረኛውም አንድ ለውዝ ነው፣ ይቆጠራል። ገብሱ በራሱ ሜዳ ካለ የለም። ከአውት፣ ከጎል ኪክና ከኮርና በቀጥታ ከመጣለትም የለም» አለኝ። ከዚያ ተከላካዮቹን አንድ በአንድ በላቸው። ሒሳቡን ከፈልኩ፤ ርካሽ ትምህርት ነበር።

እንግዲህ ተናዝዣለሁ። ፍጹም ተለውጫለሁ ግን አልልም፤ ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ሳላስበው «አማካዩ ትራንዚሽን ላይ...» ብዬ ጀምሬ ነበር። አዛውንቱ ገና ወደ እኔ ዞር ሲሉ ዝም አልኩ። ስለዚህ እናንተም እርዱኝ። ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ከሰማችሁ፣ ራሳችሁን አትነቅንቁለት፤ «ምን ማለት ነው?» በሉት። ምናልባት እኔ እሆናለሁ። ፎልስ ናይን ምን እንደሆነ ደግሞ አሁንም አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።